ጎንበስ ሳይሉ መጥረግ፦ ወለል ጠራጊ ሮቦት ከ14 ወር አገልግሎት በኋላ

ይህን ግምገማ ለመጻፍ 14 ወር የቆየሁት ሆን ብዬ ነው። ወለል ጠራጊ ሮቦት በመጀመሪያው ሳምንት የማያስደስተው ሰው የለም፤ በራሱ ተነሥቶ ከክፍል ወደ ክፍል ሲዘዋወር፣ ሥራውን ሲጨርስም መንገዱን ሳይስት ወደ ማረፊያው ሲመለስ ማየቱ ብቻ ደስ ያሰኛል። የዕቃው እውነተኛ ጠባይ የሚታወቀው ግን ከዚያ በኋላ፣ ብሩሹ በፀጉር ሲተበተብ፣ ማጣሪያው በደቃቅ አቧራ ሲደፈን፣ የባትሪው ጉልበት ሲቀንስና የቤቱ ሰው በዕቃው መደነቁን ትቶ ሥራውን በእርሱ ላይ መጣል ሲጀምር ነው። ሞዴሉን በስም አልጠራም፤ አምራቾች በየዓመቱ አዲስ ስም ስለሚያወጡ፣ ለገዢ የሚጠቅመው የአንዱ ሞዴል ስም ሳይሆን የዚህ ዓይነት ዕቃ ጠባይ ነው ብዬ አምናለሁ።

የገዛሁት ለእናቴ ነው። ሰባኛ ዓመቷን አልፋለች፤ የሁለቱም ጉልበቶቿ መገጣጠሚያ ያማታል፤ ሐኪሟም መንበርከክንና ጎንበስ ቀና ማለትን እንድትቀንስ ነግሯታል። ምክሩ ለመናገር ቀላል ቢሆንም፣ ዕድሜዋን ሙሉ ወለሏ ላይ አቧራ ሳታሳድር የኖረች ሰው በየስርቻው የሚከማቸውን ብናኝ እያየች ዝም ብላ እንድትቀመጥ መጠየቅ ከሕመሙ የማይተናነስ ሌላ ሕመም መጨመር ነው። በየጊዜው ሄጄ ብጠርግላትም በመካከሉ ባሉት ቀናት መጥረጊያውን እንደ ምርኩዝ እየተደገፈች ራሷ ስትጠርግ አገኛት ነበር። ሮቦቱን የመዘንኩት እንግዲህ በአንድ ጥያቄ ነው፤ እናቴን ከወለሉ ላይ ያነሣታል ወይስ አያነሣትም?

ዕቃው ክብ ነው፤ ወርዱ 35 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ቁመቱ አናቱ ላይ ያለችውን የሌዘር ጉልላት ጨምሮ ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። ሥሩ ሲገለበጥ ሁለት ትልልቅ ጎማዎች፣ ከፊት አንዲት ትንሽ ዟሪ ጎማ፣ በመካከሉ አግድም የተኛ ተንከባላይ ብሩሽ፣ በጎኑ ደግሞ እንደ ሸረሪት እግር ሦስት ቅርንጫፍ ያለው የጎን ብሩሽ ይታያል። የጎን ብሩሹ ከግድግዳ ጥግ ያለውን ቆሻሻ ወደ መካከል ይጠርጋል፣ ተንከባላዩ ያነሣዋል፣ ከበስተኋላ ያለው ሞተር ደግሞ በአየር ስቦ ወደ ጥራጊ ሳጥኑ ያስገባዋል። ከፊቱ እንደ መኪና ፓራውልት የሚሰምጥና የሚመለስ መከላከያ አለው፤ ከሆዱ ሥር ደግሞ ወለሉ መኖር አለመኖሩን የሚያረጋግጡ፣ ከደረጃ ላይ እንዳይወድቅ የሚጠብቁት ሴንሰሮች ተደርድረዋል።

ሐሳቡ ትናንት የመጣ አይደለም። የስዊድኑ ኤሌክትሮሉክስ በጥንት ዘመን በባሕር ወለል ላይ ይኖር በነበረና ዘሩ በጠፋ ፍጡር ስም ትሪሎባይት ብሎ የሰየመውን ጠራጊ ሮቦት ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ2001 ነበር፤ ያ ዕቃ እንቅፋትን የሚለየው ለጆሮ በማይሰማ የድምፅ ሞገድ ነበር። በተከታዩ ዓመት፣ በ2002፣ አይሮቦት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሩምባን አወጣ፤ ዛሬ ድረስ ብዙ ሰው ጠራጊ ሮቦትን ሁሉ በዚህ ስም ይጠራዋል። አይሮቦትን በ1990 የመሠረቱት ኤም አይ ቲ ከተባለው የአሜሪካ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የወጡት ሮድኒ ብሩክስ፣ ኮሊን አንግልና ሄለን ግራይነር ሲሆኑ፣ በተለይ ብሩክስ ሮቦት በአእምሮው የዓለምን ሙሉ ሥዕል ሳይዝ፣ ያጋጠመውን ነገር በቅጽበት እየዳሰሰና እየመለሰ ጠቃሚ ሥራ ሊሠራ ይችላል የሚል አቋም ይዞ የተከራከረ ተመራማሪ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሩምባዎች የዚህ አስተሳሰብ ልጆች ነበሩ፤ ካርታ አልነበራቸውም፤ ግድግዳ ሲነኩ አቅጣጫ ይቀይራሉ፣ ጥቂት ይሽከረከራሉ፣ እንደገና ይሄዳሉ፣ በቂ ጊዜ ካገኙም አብዛኛውን ወለል ያዳርሳሉ።

ይህን ታሪክ የማነሣው ልዩነቱን በገዛ ዓይኔ ስላየሁት ነው። ከመግዛቴ በፊት ከአንድ ወዳጄ ካርታ የማያነሣ ርካሽ ሮቦት ተውሼ ለሁለት ሳምንት እናቴ ቤት አስቀምጬው ነበር። አንዱን ጥግ አራት ጊዜ እየጠረገ ሌላውን ጭራሽ ሳይረግጠው ባትሪው ያልቅ ነበር፤ እናቴም ሦስተኛው ቀን ላይ «ልጄ፣ ይኼ ዕቃ የሚሠራውን አያውቅም» ብላ መጥረጊያዋን አነሣች። ትክክል ነበረች። ዕቃው ምናልባት በሳምንት ውስጥ ወለሉን ሁሉ ያዳርስ ይሆናል፤ ነገር ግን የቱን ጠርጎ የቱን እንደተወ ሰው ሊያውቅ ካልቻለ፣ የቀረውን ለመፈለግ መልሶ ጎንበስ ማለት ግድ ነው።

በሌዘር የሚመሩት ሮቦቶች ለብዙኃኑ ገበያ መድረስ የጀመሩት ኒያቶ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2010 ካቀረበው ኤክስ ቪ 11 ወዲህ ነው። አናቱ ላይ ያለችው ጉልላት በሰከንድ ብዙ ጊዜ እየዞረች ለዓይን የማይታይ የብርሃን ጨረር ትልካለች፤ ጨረሩ ከግድግዳና ከዕቃ ላይ ነጥሮ ሲመለስ ርቀቱ ይለካል፤ በሺዎች የሚቆጠሩት ልኬቶች ተገጣጥመው የቤቱ ፕላን ይሆናሉ። አስቸጋሪው ነገር ሮቦቱ ካርታውን እየሣለ በዚያው ቅጽበት ራሱ በካርታው ላይ የት እንዳለ ማወቅ ያለበት መሆኑ ነው፤ የጎማዎቹ ዙር ብቻ ቢቆጠር መንሸራተትና መንገዳገድ ስሌቱን ያዛባዋል፣ ስለዚህ የጎማው ቆጠራና የሌዘሩ ልኬት እርስ በርስ እየተራረሙ ይሄዳሉ። የእኛው ዕቃ የሦስቱን ክፍሎች ካርታ በመጀመሪያው ዙር ሠርቶ ጨርሷል። ከዚያ ወዲህ ቀጥ ባለ መስመር፣ እንደ ገበሬ እርሻ ትልም በትልም፣ አንዱን ጨርሶ ወደሚቀጥለው እያለ ይሄዳል። እናቴ ከወንበሯ ሆና አካሄዱን ለጥቂት ጊዜ ከተመለከተች በኋላ ያመነችው በዚህ ሥርዓቱ ነው።

ሌዘሩ የሚስትበት ቦታም አለ። መኝታ ክፍሉ ውስጥ እስከ ወለሉ የሚደርስ ረጅም የቁም መስታወት አለ፤ ጨረሩ በመስታወቱ ነጥሮ ክፍሉን ስለሚያሳየው በመጀመሪያው ካርታ ላይ ከግድግዳው በስተጀርባ የሌለ አንድ ክፍል ተሥሎ አገኘሁ። ሮቦቱም ወደዚያ ክፍል ለመግባት እየሞከረ መስታወቱን ደጋግሞ ገፋው። በስልኩ መተግበሪያ በመስታወቱ ፊት የ«አትለፍ» መስመር ሳሠምርበት ችግሩ ተወገደ፤ ትልልቅ መስታወት ወይም እስከ ወለል የሚወርድ የመስኮት ብርጭቆ ያለው ቤት ይህን አስቀድሞ ቢያስብበት ይሻላል።

ከዚህ የባሰው ሌዘሩ ከራሱ ቁመት በታች ያለውን የማያይ መሆኑ ነው። ጨረሩ ከወለሉ 9 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ አግድም ስለሚሄድ ከዚያ በታች የተጣለ ካልሲ፣ የስልክ ቻርጀር ገመድ፣ የወደቀ መርፌ ክር ለሮቦቱ የሉም ማለት ነው። በሁለተኛው ወር የአልጋው ራስጌ መብራት ገመድ በተንከባላዩ ብሩሽ ተጠቅልሎ መብራቱን ከኮመዲኖው ላይ ጎትቶ ጣለው፤ አምፖሉ ተሰበረ። ሮቦቱ ብሩሹ መያዙን አውቆ ራሱን ስላቆመ እርሱ አልተጎዳም፤ እናቴ ግን የተሰበረውን ብርጭቆ ለማንሣት በተንበረከከችበት ሰዓት የገዛሁበት ምክንያት ሁሉ ከንቱ ሆኖ ታየኝ። በማግስቱ ገመዶቹን ሁሉ በግድግዳው ላይ በማያያዣ ከፍ አድርጌ ሰቀልኳቸው፣ የሶኬት ማከፋፈያውንም ከወለሉ አነሣሁት። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር አልደረሰም። ስለዚህ ጠራጊ ሮቦት ከመግባቱ በፊት ቤቱ አንድ ጊዜ በሚገባ መሰናዳት አለበት፤ ይህን ሥራ ደግሞ ዕቃው የተገዛለት አረጋዊ ወይም ሕመምተኛ ሳይሆን ገዢው ራሱ ሊሠራው ይገባል።

ሌላው ያስቸገረን ጥቁሩ ምንጣፍ ነው። ከደረጃ እንዳይወድቅ የሚጠብቁት ሴንሰሮች ወደ ታች ኢንፍራሬድ የተባለ ለዓይን የማይታይ ጨረር ልከው ተመልሶ መምጣቱን ይጠባበቃሉ፤ ጨረሩ ካልተመለሰ ከፊት ገደል አለ ማለት ነው። ጥቁር ቀለም ጨረሩን ስለሚውጠው ሮቦቱ ምንጣፉ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ገደል አፋፍ የቆመ መስሎት ወደ ኋላ ይመለስ ነበር። በአንዳንድ ቦታ ሰዎች ሴንሰሮቹን በፕላስተር ይሸፍኗቸዋል የሚል ምክር አንብቤያለሁ፤ አጥብቄ እቃወመዋለሁ፣ ምክንያቱም በደረጃ ላይ የሚወድቅ ሦስት ኪሎ ተኩል ያህል የሚመዝን ዕቃ ከታች ያለን ሰው ሊጎዳ ይችላል። እኛ ምንጣፉን ነጣ ያለ ቀለም ባለው ለወጥነው።

ወደ ጥረጋው ልምጣ። በዕቃዎቹ ማሸጊያ ላይ በትልቁ የሚጻፈው የመሳብ ኃይል የግፊት መለኪያ በሆነው በፓስካል ነው፤ የእኛው 4000 ፓስካል ይላል። አኃዙ ትልቅ ቢመስልም በባሕር ጠለል ላይ ያለው የአየር ግፊት 101,325 ፓስካል መሆኑን ላስታወሰ ሰው 4000 ማለት የዚያ 4 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ በገመድ የሚሠሩ የተለመዱ ቫኩም ክሊነሮች ወደ 20,000 ፓስካል ይደርሳሉ። በዚያ ላይ እነዚህ አኃዞች የሚለኩት የመሳቢያው አፍ ተደፍኖ ነው፤ አቧራን ከወለል የሚያነሣው ግን የሚንቀሳቀሰው አየር ብዛትና የብሩሹ መምታት ስለሆነ ሁለት ሮቦቶችን በፓስካል ብቻ አወዳድሮ መግዛት ያሳስታል። እኔ ደቃቅ አሸዋ በሴራሚኩም በምንጣፉም ላይ በትኜ ሞከርኩት። ከሴራሚኩ ላይ በአንድ ዙር እጄን ባሳርፍበት የሚሰማ ነገር አልቀረም። ከቀጭኑ ምንጣፍ ላይ ላይ ላዩን በደንብ ቢያነሣም ምንጣፉን ገልብጬ ስመታው ከሥሩ አሸዋ ረገፈ። ረጅም ጸጉር ያለው ወፍራም ምንጣፍ ያለበት ቤት በዚህ ዕቃ ብቻ እንዲተማመን አልመክርም።

ማዕዘንም ድክመቱ ነው፤ ይህ ደግሞ የአምራቹ ስንፍና ሳይሆን የቅርጽ ጉዳይ ነው። 35 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው ክብ ነገር በሁለት ግድግዳዎች ማዕዘን ውስጥ ሲገባ ከማዕዘኑ ጫፍ እስከ አካሉ 7 ሴንቲ ሜትር ያህል ባዶ ቦታ ይቀራል። የጎን ብሩሹ ከዚያ የተወሰነውን ያዳርሳል፣ ሁሉን ግን አይደርስበትም። በየሁለት ሳምንቱ ስሄድ በረጅም እጀታ መጥረጊያ ማዕዘኖቹን አዳርሳለሁ፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ይህን ሁሉ ጉድለት ከዘረዘርኩ በኋላ ዕቃውን የምወድበትን ምክንያት ማስረዳት አለብኝ። ሰው በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ አጥብቆ ይጠርጋል፤ በመካከሉ አቧራው ይከማቻል፣ ይረገጣል፣ ከጫማ በመጣ አፈር፣ ከልብስና ከአልጋ ልብስ በሚረግፍ ክር፣ ከሰው ቆዳ በሚወርድ ብናኝ ይወፍራል። ሮቦቱ ግን በየቀኑ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ደካማ በሆነው ጉልበቱ ይጠርጋል። አንዱን ቀን ያለፈውን በማግስቱ ያገኘዋል፤ በየቀኑ የሚጠረግ ወለል ደግሞ ብርቱ መሳቢያ የሚያስፈልገው ቆሻሻ ለመያዝ ጊዜ አያገኝም። ከአልጋው ሥር ያለው ቦታ ቀድሞ በወር አንድ ጊዜ እንኳ በችግር የሚደረስበት ነበር፤ አሁን በየቀኑ ይጠረጋል። የመጀመሪያው ወር ሲያልቅ አልጋውን ጎትቼ ስር ሥሩን ስመለከት የተሰማኝን እፎይታ አልረሳውም።

የመወልወል ሥራው ግን ስሙን አይመጥንም። ከኋላው የሚገጠም የውኃ ማጠራቀሚያና እርጥብ ጨርቅ አለው፤ ጨርቁን እየጎተተ ወለሉን ያረጥበዋል እንጂ አይፈትገውም። የደረቀ ጠብታን አያነሣም። ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ጨርቁ ሳይወልቅ ካደረ ይሸታል፤ ጨርቁን ለማውለቅ ደግሞ ጎንበስ ማለት ግድ ስለሚሆን ለእናቴ ምንም አልጠቀማትም። ከሁለተኛው ወር በኋላ አንሥተን አስቀመጥነው። ክብ ጨርቆችን እያሽከረከሩ የሚፈትጉና ማረፊያቸው ላይ ራሳቸው የሚያጥቡ ውድ ዓይነቶች የተሻለ እንደሚሠሩ ቢታወቅም፣ በዚህኛው ደረጃ ላለ ዕቃ «ይወለውላል» ለሚለው ቃል ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል አያስፈልግም።

ድምፁ ሁለት ሰዎች ከሚያደርጉት ጭውውት ትንሽ ከፍ ይላል፤ በሚቀጥለው ክፍል ሆኖ ሬዲዮ ለማዳመጥ አያውክም።

አሁን ብዙ ገምጋሚዎች በአንድ ዓረፍተ ነገር ወደሚያልፉት፣ ለእኔ ግን ዋነኛ ወደሆነው ወደ ጽዳቱና ጥገናው ልግባ። ይህ ዕቃ ቤቱን እንዲያጸዳ እርሱ ራሱ መጽዳት አለበት። የጥራጊ ሳጥኑ ትንሽ ስለሆነ በየሁለት ቀኑ ይደፋል። ረጅም ፀጉርና ክር በተንከባላዩ ብሩሽ ላይ ይጠመጠማል፤ የከፋው በብሩሹ ዳርና ዳር ባሉት ኩሽኔታዎች ውስጥ የሚገባው ነው፤ ካልወጣ ሞተሩን ያስጨንቃል፣ ፕላስቲኩንም በሙቀት ይበላዋል። የፊተኛዋ ትንሽ ጎማ ከነዘንጓ ተስባ ትወጣለች፤ በዘንጓ ላይ የሚጠመጠመው ፀጉር ካልተነሣ መሽከርከር ትታ ወለሉን እየጫረች ትጎተታለች። የሴንሰሮቹ መስኮቶችና ቻርጅ የሚያደርጉት የብረት ጫፎች በወር አንድ ጊዜ በደረቅ ጨርቅ መወልወል አለባቸው፤ ይህን ረስቼ ሮቦቱ ማረፊያው ላይ ቆሞ ሳይሞላ ያደረባቸው ቀናት ነበሩ።

ሥራ ቀነሰ ወይስ ተለወጠ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ይኖራል፤ እኔም ጠይቄያለሁ። መልሱን ያገኘሁት እናቴን አይቼ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጎረቤቷ ሮቦቱን ከወለሉ አንሥታ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጥላታለች። እናቴ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ፣ መነጽሯን አድርጋ፣ ብሩሹን አውጥታ ፀጉሩን በመቀስ ትቆርጣለች፣ ኩሽኔታውን ትጠርጋለች፣ ማጣሪያውን በቀስታ መታ መታ አድርጋ ታራግፋለች። ሩብ ሰዓት ይወስድባታል። ሥራው አልጠፋም፤ ከወለል ወደ ጠረጴዛ ወጣ። እጆቿ ደህና ናቸው፣ ዓይኗም ያያል፤ ያልታዘዘላት ጉልበቷ ብቻ ነው፤ ሮቦቱም የወሰደላት ልክ ጉልበት የሚጠይቀውን ክፍል ነው። ከዚያ ውጪ ያለውን፣ ማለትም የቤቷን ንጽሕና በራሷ እጅ የመጠበቁን ኃላፊነት አልነጠቃትም፤ ይህ ለእርሷ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ ከሥራው በኋላ ሮቦቱን በጨርቅ ወልውላ ስትመልሰው ፊቷ ላይ ይታያል።

ስለ ማጣሪያው አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። ሄፓ የሚለው ስም በአሜሪካ መስፈርት መሠረት 0.3 ማይክሮ ሜትር መጠን ካላቸው ብናኞች 99.97 በመቶውን የሚይዝ ማጣሪያ ነው፤ ማሸጊያው ላይ «ሄፓ መሰል» ወይም «የሄፓ ዓይነት» የሚል ከተጻፈ ግን ያን መስፈርት አሟልቷል ማለት አይደለም። ማጣሪያው የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ሳጥኑ ሲደፋ ደቃቁ አቧራ ወደ አየር ይመለሳል፤ አስም ያለበት ሰው በቤት ውስጥ ካለ ሳጥኑን ሌላ ሰው ከቤት ውጭ ቢደፋው ይሻላል። መታጠብ ይችላል የተባለ ማጣሪያ ከታጠበ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ሳይደርቅ መመለስ የለበትም፤ እርጥቡ ማጣሪያ አቧራውን ወደ ጭቃ ለውጦ ራሱን ይደፍናል። እኛ ሁለት ማጣሪያ ይዘን እናፈራርቃቸዋለን።

ባትሪው 14.4 ቮልትና 5200 ሚሊአምፒር ሰዓት ያለው ሊቲየም አዮን ነው፤ ሁለቱ ሲባዙ ወደ 75 ዋት ሰዓት ይሆናል። በመሙላት ጊዜ የሚባክነው ተጨምሮ እንኳ ከባዶ አንድ ጊዜ ለመሙላት የሚያስፈልገው 1000 ዋት የሆነ ካውያ በስድስት ደቂቃ ከሚፈጀው አይበልጥም፤ ስለዚህ የመብራት ወጪው የሚያሳስብ አይደለም። የሚያሳስበው ዕድሜው ነው። መጀመሪያ ላይ ሦስቱን ክፍሎች ጠርጎ ሲመለስ ግማሽ ያህል ባትሪ ይተርፈው ነበር፤ አሁን የሚተርፈው ሲሶው ነው። እንዲህ ያሉ ባትሪዎች ከጥቂት መቶ ሙሉ ዙሮች በኋላ መድከማቸው የተፈጥሯቸው ስለሆነ አልተከፋሁም፤ ነገር ግን ከመግዛቴ በፊት ባትሪው በተራ ካቻቢቴ ብሎን ፈትቶ ሊለወጥ የሚችል መሆኑን አረጋግጬ ነበር፤ ይህን ማረጋገጤ ከወሰንኳቸው ውሳኔዎች ሁሉ የተሻለው ነው። ባትሪው የማይለወጥለት ወይም ብሩሹና ማጣሪያው ለብቻቸው የማይሸጡለት ሮቦት፣ በመግዣው ቀን የቱንም ያህል ቢራቀቅ፣ የሚጣልበት ቀን አስቀድሞ የተቆረጠለት ዕቃ ነው።

መተግበሪያውን በተመለከተ የተደባለቀ ስሜት አለኝ። ክፍሎችን መለየቱ፣ ሰዓት መቀጠሩ፣ የተከለከሉ ቦታዎችን ማሥመሩ በጣም ይጠቅማል፤ እኔም ከሩቅ ሆኜ ሥራው መሠራቱን አያለሁ። ሆኖም ዕቃው የሚሠራው 2.4 ጊጋኸርዝ በሆነው ዋይፋይ ብቻ ስለሆነ ለማገናኘት ብዙ ተቸገርኩ፤ በሰባተኛው ወር ደግሞ የአምራቹ አገልግሎት ሰጪ ኮምፒውተር ለሁለት ቀን ተቋርጦ መተግበሪያው አልከፈት አለ። በእነዚያ ቀናት እናቴን ያዳነቻት በሮቦቱ ጀርባ ላይ ያለችው አንዲት ቁልፍ ናት፤ ስትጫናት ያለ ስልክም ያለ ኢንተርኔትም ይጠርጋል። ለአረጋዊ ሰው የሚገዛ ማንኛውም ዕቃ እንዲህ ያለ በጣት የሚጫን ቁልፍ ሊኖረው ይገባል ብዬ አጥብቄ አምናለሁ። ጎንበስ ማለት እንዳያስፈልጋት ቁልፏን በምርኩዟ ጫፍ ትጫናለች።

የቤት ምስጢር ጉዳይም አለ። በካሜራ የሚመሩ ሮቦቶች ገመድንና ካልሲን ለይተው ስለሚሸሹ፣ እኛን የገጠመን የመብራቱ አደጋ በእነርሱ የመድረስ ዕድሉ ያነሰ ነው፤ ይህን ጥቅም አልክድም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ በሙከራ ላይ የነበሩ፣ ካሜራ ያላቸው ሮቦቶች በሰዎች ቤት ያነሷቸው ፎቶዎች፣ ምስሎቹን እንዲለዩ ከተቀጠሩ ሠራተኞች እጅ አምልጠው በማኅበራዊ ሚዲያ መውጣታቸው በጋዜጠኞች ተዘግቧል። ሞካሪዎቹ መቀረጻቸውን የተስማሙ ቢሆኑም፣ ምስሉ ከቤት ከወጣ በኋላ ማን እንደሚያየው ማንም ሊቆጣጠር እንዳልቻለ ነገሩ ያሳያል። በእናቴ መኝታ ቤት ውስጥ የሚዘዋወር ዓይን ላስገባ አልፈለግሁም፤ ሌዘር የግድግዳና የወንበር እግር ነጥቦችን እንጂ የሰው ፊት ስለማያይ እርሱን መረጥኩ። የቤቱ ፕላን ራሱ ወደ አምራቹ መሄዱ ግን ያው ነው፤ በመተግበሪያው ውስጥ መረጃ ለማሻሻያ እንዲላክ የሚፈቅደውን ምርጫ ፈልጌ አጥፍቼዋለሁ።

ለመግዛት የሚያስብ ሰው መጀመሪያ ሜትር ይዞ ወለሉ ላይ ይውረድ። የአልጋውና የሶፋው ሥር ከ10 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ሮቦቱ አይገባም፤ ልክ 10 ከሆነ ደግሞ ገብቶ ሊቀረቀር ይችላል፣ ይህም ከአለመግባቱ የከፋ ነው። የበሮቹ ደፍ ከ2 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ከሆነ አብዛኞቹ አይሻገሩትም፤ ትንሽ የጣውላ ተዳፋት በማስቀመጥ ይቃለላል፣ ሰው እንዳያደናቅፍ ግን በደንብ መጣበቅ አለበት። ደረጃ መውጣት አይችልም፤ ፎቅ ያለው ቤት ወይ ሁለተኛ ሮቦት ያስፈልገዋል ወይ የሚሸከምለት ሰው። ገንዘብ የሚተርፈው ሰው ጥራጊውን ማረፊያው ላይ ራሱ ወደ ትልቅ ከረጢት የሚደፋውን ዓይነት ቢገዛ ለአረጋዊ ሰው እውነተኛ እረፍት ነው፤ በየሁለት ቀኑ ሳጥኑን የማንሣቱን ሥራ ወደ ጥቂት ሳምንታት ያራዝመዋል። እኔ ዳግም ብገዛ ከመወልወያው ይልቅ ለዚህ እከፍላለሁ።

ባለፈው ሳምንት አዲስ ባትሪና ሁለት የጎን ብሩሾች አዘዝኩ። እናቴ አሮጌውን ብሩሽ እንዳልጥለው ነግራኛለች፤ ከሦስቱ ቅርንጫፎች አንዱ ብቻ ስለጎበጠ ለብ ባለ ውኃ ነክራ ልታቃናው አስባለች። ቅዳሜ ጠረጴዛው ላይ ትሞክረዋለች።